የመልቀቂያ ፈተናን በአንድ ዓመት ቀድሞ መውሰድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎበዝ ተማሪ ባለበት ቤት ይህ ወሬ አይቀርም። «ምን ያስቀምጠዋል? የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውን ዘንድሮ ተፈትኖ ይገላገል» ይላል አንዱ። ሌላው «ተዉት፣ ገና ልጅ ነው፣ ይደርስበታል» ይላል። ተማሪው መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ያዳምጣል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ማለፍማ ብዙዎች ያልፋሉ። ከመመዝገብ በፊት ግን ሁለት ነገር መልስ ማግኘት አለበት፦ የሚያስፈልገኝ ውጤት ይመጣል ወይ? የማተርፈውስ ዓመት ለምን ይውላል? ለሁለቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካላችሁ ግፉበት። አንዱ ከጎደለ ባትቸኩሉ ይሻላል።

ቀድሞ መፈተን ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ክርክሩ የሚደበላለቀውም ከዚህ የተነሳ ነው።

አንደኛው ክፍል ማጠፍ ነው፤ ደብል መምታት የሚሉትም አሉ። ተማሪው የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት ጨርሶ ሙሉውን ፈተና ይወስድና ከትምህርት ቤት ይሰናበታል። ሁለተኛው አንድ ሁለት ትምህርት ብቻ ቀድሞ ተፈትኖ የቀረውን በጊዜው መውሰድ ነው። ሦስተኛው «እስቲ ልየው» ብሎ መግባት ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ሰው ብዙ አያስበውም። በእኔ እይታ ግን ለአብዛኛው ጎበዝ ተማሪ የሚበጀው እሱ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። በፈረንሳይ የባካሎሬያ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናቸው፣ ተፈታኞች የፈረንሳይኛውን ፈተና የሚወስዱት ከመጨረሻው ክፍል በፊት ባለው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ሁሉም ነው የሚወስደው፤ ጎበዝ ተብሎ የሚለይ የለም። በብዙ አገር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም፣ በኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሁለት ዓመት ዲፕሎማም፣ ተማሪው በመደበኛ (ከከፍተኛው ቀለል ባለው) ደረጃ ከሚወስዳቸው ትምህርቶች እስከ ሁለት የሚደርሱትን በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ተፈትኖ መገላገል ይችላል። በመጨረሻው ዓመት የሚከመረው ሸክም ይቀልለታል፣ የእውነተኛ ፈተና አዳራሽም ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ሦስተኛውን አልወደውም። ፈተናውን ማየት የፈለገ የቀድሞ ዓመታት ወረቀቶች አሉለት። በስምህ የሚመዘገብ ውጤት የሚያስከትል ነገር ሙከራ አይባልም።

ከሁሉ በፊት ምን ላጣራ?

ደንቡን። ብዙ ቤተሰብ ይህን ገልብጦ ነው የሚሄደው። ልጁ ወራት ሙሉ ሲቸክል ከርሞ፣ የምዝገባው ሰሞን ነው «ከመጨረሻው ክፍል በታች ያለ ተማሪ አይመዘገብም» የሚባለው።

ፈተናውን የሚሰጠውን አካል ጠይቁ። መመዝገብ የሚቻለው በትምህርት ቤት በኩል ብቻ ነው ወይስ በግል ተፈታኝነትም ይሆናል? የዕድሜ ገደብ አለው? ከፈተናው ውጭ በትምህርት ቤት የሚያዝ ነጥብ፣ የቤተ ሙከራ ሥራ ወይም የቃል ፈተና ካለ ቀድሞ ለሚፈተን ልጅ ማን ይይዝለታል? በድጋሚ መፈተን ይቻላል? ከተቻለ የሚያዘው የተሻለው ነው፣ የመጨረሻው ነው ወይስ የመጀመሪያው? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ልትቀይረው ትችላለች። የተሻለው የሚያዝ ከሆነ ቀድሞ መፈተን የሚያስከፍለው ጊዜና ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው የሚያዝ ከሆነ ግን የምትጫወቱት በአንድ ካርታ ነው።

መግባት የምትፈልጉበትን ዩኒቨርሲቲም ጠይቁ። ውጤቱ ሁሉ በአንድ የፈተና ወቅት የመጣ መሆን አለበት ወይ? በብዙ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ናይጄሪያን ብንወስድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉት የአምስት ትምህርት ውጤት ከሁለት ባልበለጠ የፈተና ወቅት እንዲሟላ ይጠበቃል፤ በአንድ ወቅት ካልተሟላ የማይቀበሉ የትምህርት ክፍሎችም አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ትምህርቶቹን ከፋፍሎ መፈተን እንደ ብልሃት ቢታሰብም መልሶ በር ሊዘጋ ይችላል።

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «በስልክ ጠይቄ ይቻላል ብለውኛል» ማለት የምዝገባ መስኮት ላይ ዋጋ የለውም።

ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

በሰዓት ተፈትናችሁ ነው የምታውቁት። ለእያንዳንዱ ትምህርት ከዚህ በፊት ያላያችኋቸውን ሦስት የቀድሞ ፈተናዎች ፈልጉ። ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። ደብተር ገለጥ ማድረግ የለም። ሲያልቅ ራሳችሁ አታርሙት። የእርማት መመሪያውን ይዞ ጨክኖ የሚያርም ሰው ፈልጉለት። ለራስ ሲያርሙ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እያሉ ነጥብ መቸር የሁላችንም በሽታ ነው።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ድምሩን ለጊዜው ተዉትና የጠፋውን ነጥብ ቁጠሩ። የሳታችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ ከሦስት አንዱ ነው፦ ገና ያልተማራችሁት፣ ተምራችሁት ያልገባችሁ፣ ወይም እያወቃችሁ በችኮላና በሰዓት እጥረት የሳታችሁት።

እንበል አንዲት ተማሪ ሒሳብ ከ100 61 አመጣች። ከጠፉት 39 ነጥቦች 27ቱ ገና ካልደረሰችባቸው ምዕራፎች ናቸው። 8ቱ የችኮላ ናቸው። ተምራው ያቃታት 4 ነጥብ ብቻ ነው። ይህች ልጅ የተማረችውን ይዛዋለች። የቀራት ያልተማረችውን መማር ነው፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ካለ ይሞላል። ሌላውም ልጅ 61 አመጣ። እሱ ግን 25 ነጥብ የጣለው አምና ተምሮ «ጨርሻቸዋለሁ» ባላቸው ምዕራፎች ላይ ነው። ሪፖርት ካርድ ላይ እኩል ናቸው። ሁለተኛው ልጅ ግን ቀድሞ መፈተን የለበትም። ባልጠነከረ መሠረት ላይ የአንድ ዓመት ትምህርት ቢጫንበት ያም ያም ይፈርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትፈልጉት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል መግቢያው 80 ከሆነ ቤት ቁጭ ብሎ 80 ማምጣት አይበቃም። የፈተናው ዕለት ልብ ይመታል፣ የታወቀው ቀመር ይጠፋል፣ ጥያቄውም ሊከብድ ይችላል። እኔ ብሆን አማካዩን ትቼ ከሦስቱ ወረቀቶች ትንሹን ውጤት ነው የማየው። ትንሹ ከመቁረጫ ነጥቡ በላይ ከሆነ ልጁ ደርሷል።

የመጨረሻውን ዓመት ትምህርት በራሴ አንብቤ መሸፈን እችላለሁ?

መጀመሪያ አስሉት። አምስት ትምህርት አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዱም ለመጨረሻው ክፍል አሥር ምዕራፍ አለው። 50 ምዕራፍ መሆኑ ነው። አንድን ምዕራፍ አንብቦ፣ ጥያቄ ሠርቶ፣ ተመልሶም ለመከለስ 6 ሰዓት ብንይዝለት 300 ሰዓት ይሆናል። ከመደበኛው ትምህርት ላይ በሳምንት 10 ሰዓት መጨመር የሚችል ተማሪ 30 ሳምንት ያስፈልገዋል ማለት ነው። የራሳችሁን መጽሐፍ ማውጫ ገልጣችሁ በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ፈተናው 14 ሳምንት የቀረው ሰው መልሱን እዚያው ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል።

ሰዓቱ ቢበቃም ትምህርቶቹ እኩል አይደሉም። ሒሳብ ተያያዥ ነው። ሊሚት ያልገባው ዴሪቬቲቭን ሊሸመድድ ይችላል እንጂ ሊሠራበት አይችልም፤ ኢንቴግራል ሲደርስ ያኔ ይጋለጣል። የገባው ሰው ግን ሒሳብን በራሱ ፍጥነት መግፋት ይችላል፣ ምክንያቱም ትክክል መሆኑን መልሱ ራሱ ይነግረዋል። ፊዚክስ ከሒሳብ ቀድሞ መሄድ አይችልም፤ የመጨረሻው ክፍል ፊዚክስ የሚፈልገውን ሒሳብ ገና ካልተማራችሁት ሁለቱን አብራችሁ ነው የምትጎትቱት። ባዮሎጂ ሰፊ ነው፣ ብዙ ቃል አለው፣ ግን በንባብ ይሸፈናል። ኬሚስትሪ ላይ ቤተ ሙከራው ይጎድላችኋል። ጥያቄው «ጠብታ ስትጨምር ቀለሙ መቼ ተቀየረ» ሲል ቢሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚያወርደውን የመስታወት ቱቦ) ይዞ የማያውቅ ልጅ በግምት ነው የሚጽፈው።

ሳይታሰብበት የሚታለፈው ድርሰትና ታሪክ ነው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። ግን በ16 ዓመት የተጻፈ ድርሰትና በ17 ዓመት የተጻፈ ድርሰት አንድ አይደሉም። መሀሉ ላይ የተነበቡ መጻሕፍት አሉ፣ ተጽፈው በመምህር ቀይ እስክሪብቶ የተመለሱ ወረቀቶች አሉ። ይህን በማጠናከሪያ ትምህርት ማካካስ ይከብዳል። ቀድሞ የሚፈተን ልጅ በሒሳብ ሲያበራ በቋንቋ የሚወርደው ለዚህ ይመስለኛል።

መርሳትም አለ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ያጠኑት ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ጥናቱ በቀናት ከተከፋፈለ ግን በአንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀው የተሻለ እንደሚቆይ አሳይቷል። የሁለት ዓመቱን በአንድ ዓመት ስታጥፉ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ የመከለሻ ክፍተት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስታወጡ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ አታስገቡባቸው።

ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣው፤ ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ደረጃ የሚነግርዎ ልጅዎ ከክፍል ጓደኞቹ ምን ያህል እንደሚሻል ነው። የመልቀቂያ ፈተና የክፍሉን ልጆች አያውቃቸውም። ያንን የሰዓት ሙከራ ያስደርጉትና ውጤቱን ይዩ።

ቀድመው የጨረሱ ተማሪዎችስ? ጥናት አለ?

አለ፣ ጥሩም ነው፣ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በጣም የሚታወቀው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የሒሳብ ባለ ተሰጥኦ ታዳጊዎች ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን አድገው ሥራ እስኪይዙና ቤተሰብ እስኪመሠርቱ ድረስ ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የ35 ዓመት ክትትል፣ ክፍል እያጠፉ የሄዱት 50 ዓመት ሲሞላቸው የሥነ ልቦና ደህንነታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። «ልጅነቱን ተቀማ፣ ኋላ ይጎዳዋል» የሚለው ስጋት በነሱ ላይ አልታየም።

አሁን ጥንቃቄው። እነዚህ ልጆች ገና በ13 ዓመታቸው አካባቢ፣ ኮሌጅ ለሚገቡ ትልልቅ ተማሪዎች በተዘጋጀ ፈተና ተመዝነው የተመረጡ ናቸው። ጥናቱ የሚለው፣ ትምህርቱ በእርግጥ ለቀለለው ልጅ መፍጠን አይጎዳውም ነው። ለሚፍጨረጨረው ልጅም ይሠራል አላለም። ጥናቱን እየጠቀሰ ልጁን የሚገፋ ሰው ብዙ ጊዜ ይህችን ዘልሏት ነው።

የትምህርት ዘመንን በአንድ ዓመት ማሳጠር በአገር ደረጃ ተሞክሮ ያውቃል?

ጀርመን ሞክራዋለች። አብዛኞቹ ክልሎች የጂምናዚየሙን፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቆይታ ከዘጠኝ ወደ ስምንት ዓመት አወረዱት። የከሰዓቱ ጊዜ በትምህርት ተዋጠ፣ ልጆቹ ከስፖርትና ከሙዚቃ ራቁ የሚል የወላጅ ቅሬታ በዛ። ብዙዎቹ ክልሎች ወደ ዘጠኙ ተመለሱ። ባቫሪያ እ.ኤ.አ. ከ2018/19 የትምህርት ዘመን ጀምሮ መልሳዋለች። ይህ ግን ለሁሉም ተማሪ በግድ የተደረገ ነው፤ ፈልጎ የሚያጥፈው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ «ቀድማችሁ ተፈተኑ» ቢለንስ?

ለማን ብሎ እንደሆነ ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ከጊዜያቸው በፊት፣ ደጋግመውም ያስፈትኑ ነበር። ልጁ ማለፊያውን ካመጣ፣ ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው ውጤት ለሚወዳደሩበት የደረጃ ሠንጠረዥ በቂ ነበር። የተሻለ ማምጣት ይችል የነበረው ልጅ ግን ማለፊያዋን ይዞ ቀረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ለትምህርት ቤቶቹ ሠንጠረዥ የሚቆጠረው የተማሪው የመጀመሪያ ውጤት ብቻ ነው ብሎ አወጀ። ደካማ የመጀመሪያ ውጤት ሠንጠረዡ ላይ ስለሚቀር ቀድሞ ማስፈተኑ ለትምህርት ቤቱ ትርጉም አጣ።

ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ያስባል ማለቴ አይደለም። ልጁን በቅርብ የሚያውቅ መምህር «ደርሷል» ካለ ሰሙት። መለያ ትሆን ዘንድ አንዲት ጥያቄ ጣሉለት፦ «አንድ ዓመት ቢጠብቅ ስንት ያመጣል ብለው ይገምታሉ?» መልስ ከሌለው ስለ ልጁ አላሰበበትም።

ቀድሜ ባልፍ ያተረፍኩትን ዓመት ምን ላድርግበት?

ይህን ጥያቄ ከፈተናው በፊት ያነሳ ሰው ግማሹን ጉዳይ ጨርሷል። «በጊዜ ተመርቄ በጊዜ ሥራ እይዛለሁ» የሚባለው ያምራል። ግን አርባ ዓመት ለሚሠራ ሰው አንዷ ዓመት ያን ያህል ለውጥ አታመጣም። ቀድሞ መፈተን በደንብ የሚያዋጣው የተለየ ምክንያት ላለው ነው፦ ትምህርቱ እጅግ ቀልሎት የሚሰላች፣ ረጅም ትምህርት ያለበት ሙያ የሚፈልግ፣ ወይም የማያልፍ የስኮላርሺፕ ዕድል የተከፈተለት።

የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መግባትም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ አገር ከ18 በታች የሆነ ሰው የቤት ኪራይ ውል አይፈርምም፣ ለሁሉም ነገር የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል። ታማሚ ጋር የሚያገናኙ እንደ ሕክምና ያሉ ትምህርቶች 18 ዓመት መሙላትን ሊጠይቁ ይችላሉ። ሮጦ ደርሶ በር ላይ ዓመት መቆም ያናድዳል። ዕድሜውን አስቀድማችሁ አጣሩ።

አልፎ ቦታውን ለአንድ ዓመት ማቆየት የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ቋንቋ ለመማር፣ ለመሥራት፣ ወይም ምን መማር እንደሚፈልግ ገና ላላወቀ ልጅ ለማሰብ ጥሩ ጊዜ ነው። አንዳንዱ ግን ዓመቱን ሶፋ ላይ ይጨርሰዋል። ያ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ውጤቱን ቢያሳድግ ይሻለው ነበር።

ጓደኞቼን ትቼ ልሄድ ነው?

አዎ፣ ለጊዜው። ይህን የሚፈራ ልጅ ሞኝ አይደለም። የሚቀጥለው ክፍል ልጆች ዘንድ ጓደኛ ካላችሁ ይቀልላል።

እንቅልፌን ቀንሼ ብሸፍነውስ?

አይሆንም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ፕሮግራማችሁ የሚሠራው በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ አይሠራም ማለት ነው። የተነበበው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለውም በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ቤተሰቦቼ ተፈተኚ ይሉኛል፣ እኔ ግን አልፈለግኩም። ምን ልበላቸው?

«አልፈልግም» ብቻ ካልሻቸው ስንፍና ይመስላቸዋል። የሰዓት ሙከራሽን ውጤት ይዘሽ ቅረቢ። «ይኸው፣ ዛሬ ብፈተን የማመጣው ይህን ነው፤ የምፈልገው የትምህርት ክፍል የሚጠይቀው ደግሞ ይህን ነው» በያቸው። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ክርክሩን ያበርደዋል። ቤት ውስጥ የሚሰሙት ሰው ካለ፣ አክስትም ትሁን መምህር፣ አብሮሽ ይቀመጥ።

ውጤቱ ጥሩ ሆኖ አንቺ ግን ካልፈለግሽስ? ያኔም ፈተናው ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ለቤተሰብ ብሎ የሚፈተን ልጅ መሀል ላይ ሲደክመው የሚገፋው ነገር ያጣል።

ለወላጅም አንድ ቃል። ልጅዎ ቀድሞ ሊፈተን መሆኑን ለዘመድ ለወዳጅ ባያወሩት ጥሩ ነው። ከተወራ በኋላ «ይቅርብኝ» ማለት ይሉኝታ ያስይዛል፣ ልጁም ሳይደርስ እየታወቀው ይገባል።

ዝቅ ያለ ውጤት ባመጣስ?

ውጤቱ እጃችሁ ሲገባ አይደለም የሚታሰበው፣ አሁን ነው። ወረቀት አውጡና ሦስት መስመር ጻፉ። ከዚህ በላይ ካመጣሁ እገባለሁ። ከዚህ እስከዚህ ካመጣሁ እነዚህን ትምህርቶች ደግሜ እፈተናለሁ። ከዚህ በታች ከሆነ ተመልሼ ክፍሌን እቀጥላለሁ። ሦስተኛው መስመር የሚቻል መሆኑን ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መመለሻ ቦታ የሌለው ልጅ በደከመ ውጤት የማይፈልገው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ይገባና አራት ዓመት ይቆጭበታል። ያ ደግሞ ካተረፈው አንድ ዓመት ይበልጣል።

ከተመዘገብኩ በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?

ምዝገባ የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን ካለ ፈልጋችሁ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ከሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አንድ አዲስ ወረቀት በሰዓት ሥሩ። ውጤቱ ካሰባችሁት በታች ከሆነ ሰርዙ። የከፈላችሁት ላይመለስ ይችላል፣ ይሂድ። ስትሰርዙም «አልቀረበም» ተብሎ በስማችሁ እንዳይመዘገብ የመሰረዣውን ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበሉ።